«ራስ» የሚባለው ዓሣ ወንድ ነው ሴት? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጂዳ አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ልጅ ከመያዝና ከማብሰል ሌላ አንድ ሥራ ነበረኝ፤ የሳሎኑ የጨው ውሃ አኳሪየም። መስታወቱን መወልወል፣ ለአንድ ሊትር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው እየመዘኑ መበጥበጥ፣ ማታ ክዳኑን መግጠም። ክዳኑ ከተረሳ ይዘላሉ፤ ጠዋት ምንጣፍ ላይ ደርቀው ታገኟቸዋላችሁ። አሁን ወሎ ተመልሼ ሐይቅ ከተማ ነው ያለሁት። እዚያ የቀሩ ዘመዶቼ ግን ዛሬም ቪዲዮ ይልካሉ። ጥያቄያቸው ያው ነው፦ «ይሄ ወንድ ነው ሴት?»

የዓሣው ስም በእንግሊዝኛ «ራስ» ነው የሚባለው። ወሎ ውስጥ ራስ ሲባል ትዝ የሚሉን ራስ ሚካኤል ናቸውና መጀመሪያ ስሰማ ሳቄ አመለጠኝ። ከ500 በላይ ዓይነት አለው፤ ቀይ ባሕር ውስጥም ሞልቷል። ጠባዩን ሳውቅ ግን ስሙ የተገጣጠመለት መሰለኝ። እነሱ ዘንድ ወንድነት እንደ ማዕረግ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሹመት ይገኛል።

«ወንድ ሆኖ የተፈለፈለ ወንድ ነው፣ አለቀ»

ይህን የምትለኝ አክስቴ ናት። አይፈረድባትም፤ ስታጸዳ የኖረችው የሐይቃችንን ቆሮሶ ነው። ቆሮሶን ገልብጣችሁ ሆዱ ሥር ብታዩ ወንዱ ሁለት ቀዳዳ አለው፣ ሴቷ ሦስት። እዚህ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ራስን እንዲህ ገልብጦ ማየት ግን ዓሣውን ከማስጨነቅ በቀር ብዙም አይረዳም።

አብዛኞቹ ራሶች መጀመሪያ ሴት ናቸው። ከመካከላቸው ትልቋ፣ የበላይ የሆነው ወንድ ሲጠፋ፣ ወንድ ትሆናለች። ይህ በደንብ የተጠናው ከሌሎች ዓሦች ገላ ላይ ተባይ እየለቀመ በሚያጸዳው፣ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር ባለው ትንሹ ራስ ላይ ነው። አንድ ወንድ ጥቂት ሴቶችን ይዞ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ወንዱ ሲጠፋ ትልቋ ሴት በሰዓታት ውስጥ የወንድ ጠባይ ታሳያለች። ሁለት ሳምንት ከምናምን ሲሆናት ደግሞ የወንድ ዘር ታወጣለች።

እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ቀን ወንዱ ከዙሁር ሰላት በፊት ሞቶ አገኘሁት። በመረብ አውጥቼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። አስር ሰላት ሳይደርስ ትልቋ ሴት ከድንጋይ ድንጋይ እየዞረች ግዛት ትጠብቃለች። ወደ ትንንሾቹ ትጠጋና ክንፏን ዘርግታ ትርገፈገፋለች፤ ልክ እሱ ያደርግ እንደነበረው። ለቅሶ እንኳ አልተቀመጡም! (ይህን ዓሣ ግን ዛሬ ማንንም ግዛ አልልም። የሚበላው ከሌሎች ዓሦች ገላ ላይ ነውና ሰው ቤት ብዙ ጊዜ በረሃብ ነው የሚያልቀው።)

«ደማቁ ወንድ፣ ደብዛዛው ሴት»

እንደ አውራ ዶሮ መሆኑ ነው። ግማሹ እውነት ነው። ፍላሸር የሚባለው ራስ ወንዱ ክንፉን ዘርግቶ ቀለሙን ብልጭ ሲያደርግ ሴቷ አጠገቡ ተራ ዓሣ ትመስላለች። ሌፐርድ ራስ ላይ ግን ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ሴቷን ብሎ ነው፤ ነጠብጣቧ እንደ ነብር ቆዳ ያምራል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ዕድሜ ነው። ኮሪስ የሚባለው ራስ ልጅ ሳለ ቀይ ብርቱካንማ ሆኖ ጀርባው ላይ ነጫጭ ጣል ጣል አለበት። ሲያድግ ያ ሁሉ ጠፍቶ ጭራው ቢጫ ይሆናል። የአክስቴ ልጅ «ሴቷ ወደ ወንድ ተለወጠች» ብላ ስልክ ደውላልኝ ነበር። እቴ፣ ማደጉ ነው!

በዚያ ላይ አስመሳይም አለ። የካሪቢያኑ ጭንቅላቱ ሰማያዊ የሆነው ራስ፣ ብሉሄድ የሚሉት፣ ትንንሾቹ ቢጫ ናቸው። ሰው ሁሉንም ሴት ይላቸዋል። ከእነሱ መካከል ግን ከመጀመሪያው ወንድ የሆኑ አሉ። ሴት መስለው ትልቁ ወንድ ሳያያቸው እንቁላል በሚጣልበት ሰዓት ጥልቅ ይላሉ። ስለዚህ ቀለም ብቻውን ምስክር አይሆንም።

«ትልቋ ሴት ናት»

ይህ ክላውን ፊሽ ከሚባለው ሌላ ዓሣ የተወሰደ ነው። እነሱ ወንድ ሆነው ጀምረው ትልቁ ሴት ይሆናል። ራስ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

«ወንድ ነው ካሉህ ሁለት ግዛና ይለማመዳሉ»

አይለማመዱም፤ ይባላሉ። ሁለት ደማቅ ወንዶች በአንድ ጠባብ ገንዳ ማለት ሁለት ሹም በአንድ ቀበሌ ማለት ነው። አዋቂዎቹ የሚያደርጉት ሌላ ነው፤ ገና የሴት መልክ ያላቸውን ትንንሽ፣ መጠናቸው የሚለያይ፣ በአንድ ቀን ያስገባሉ። ትልቁ ወደ ወንድነት ያዘነብላል፣ የቀሩት ሴት ሆነው ይቆያሉ። ደግሞ ወንዱን ለብቻው አታኑሩት። ጂዳ የነበረው ፌሪ ራስ ሴቶቹ ካለቁ በኋላ እየደበዘዘ ሄደ፤ የማዳም ባል «ዓሣው ታመመ» ብሎ መድኃኒት ሊገዛለት ነበር።

«አንዴ ከተለወጠ አይመለስም»

ያ አጽጂ ራስ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የጃፓን ተመራማሪዎች ሥራ ሁለት ወንዶች ያለ ሴት አብረው ሲኖሩ ትንሹ ተመልሶ ሴት እንደሚሆን አሳይቷል። ሁሉም ዓይነት ራስ እንዲህ ያደርጋል ማለት ግን አይደለም።

እንግዲህ ቪዲዮ ስትልኩልኝ ዓሣውን ብቻ አጠጋግታችሁ አትቅረጹ። ገንዳው ውስጥ ከማን ጋር ነው ያለው? ከእነሱ ይበልጣል ያንሳል? ማነው የሚያባርር፣ ማነው የሚሸሽ? ቀለሙን ከዚያ በኋላ እናያለን።

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ አዲስ ቪዲዮ ላከች። ስድስት መስመር ያለው ትንሽ ወይን ጠጅ ራስ፣ ብቻውን፣ ድንጋይ ለድንጋይ ይሽሎከሎካል። እሱ ወንዱም ሴቷም መልካቸው አንድ ዓይነት ነው፤ በዓይን አይለይም። «እሱን ተይው፣ እህቴ» ብዬ ጻፍኩላት። «ክዳኑ ግን ክፍት ይታየኛል።»