የዲስክ ማርጀት ምንድን ነው?

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ወገቡን ያመመው ሰው መጀመሪያ የሚወቅሰው ብርዱን ነው። ከተማ ሄዶ ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ምስል) ተነስቶ ሲመለስ ወሬው ይለወጣል፤ «ዲስኬ አልቋል አሉኝ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ሞፈር መጨበጥ ይፈራል፣ ጎንበስ ማለት ይፈራል፣ ልጁን ማቀፍ ሳይቀር ይፈራል። እኔን ከሕመሙ እኩል የሚያሳስበኝ ይህ ፍርሃት ነው፤ የምርመራው ወረቀት ላይ የተጻፈው ምን እንደሆነ ያስረዳው የለምና።

ዲስክ በአከርካሪ አጥንቶች መሃል የሚገኝ ለስላሳ አካል ነው። ሰው 23 ዲስኮች አሉት። የእያንዳንዱ መሃል ዝልግልግ ሲሆን በወጣትነት 80 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ውሃውን የሚይዘው አግሪካን የተባለ ትልቅ ሞለኪውል ነው። ዙሪያውን ኮላጅን የሚባል ቃጫ መሰል ጠንካራ ክር ንብርብር ሆኖ ይጠቀልለዋል፤ አንዱ ንብርብር ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩ ወደ ግራ ያዘነብላል። ቀን ስንቆምና ስንሸከም ዲስኩ ውሃ ይለቃል፣ ሌሊት ስንተኛ መልሶ ይስባል። ጠዋት ቁመታችን ከማታው ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የሚበልጠው ለዚህ ነው። ገና ከመኝታ እንደተነሱ አጎንብሶ ከባድ ነገር ማንሳት ወገብን የሚጎዳውም ዲስኩ ውሃ ጠጥቶ ተወጥሮ ስለሚያድር ነው።

የማርጀቱ ምሥጢር ያለው አመጋገቡ ላይ ነው። በአዋቂ ሰው ዲስክ ውስጥ የደም ሥር የለም ማለት ይቻላል። ስኳሩም ኦክስጅኑም ከአጎራባቹ አጥንት ተነስቶ፣ ከላይና ከታች ባለው ስስ የካርቲሌጅ (ልም አጥንት) ሽፋን በኩል እየሰረገ ነው የሚደርሰው። ውስጥ ያሉት ጥቂት ሕዋሳት ኦክስጅን ስለሚያጥራቸው ስኳሩን ያለ ኦክስጅን ይሰባብሩታል፤ ከዚህም ላክቲክ አሲድ ይወጣል፤ አሲዱ በዚያው ስስ ሽፋን በኩል መውጣት አለበት። ሽፋኑን የሚቀልቡት የደም ሥሮች ከልጅነት ጀምሮ እየሳሱ ይሄዳሉ። ምግቡ ሲቀንስና አሲዱ ሲከማች ሕዋሳቱ ይደክማሉ፤ ኢንዛይሞች የሚቆራርጡት አግሪካን አዲስ ከሚሠራው ይበልጣል። ውሃው ይቀንሳል፣ ዲስኩ ዝቅ ይላል፣ ሸክሙ ወደ ዙሪያው ንብርብርና ከኋላ ወዳሉት ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ይዞራል፣ ንብርብሩም ይሰነጠቃል። ደም የማይደርሰው ስንጥቅ ቶሎ አይጠግግም።

ታዲያ ጥፋቱ የሥራ ነው? በሰሜን ሸዋ፣ በእነዋሪ ጥቁር አፈር ላይ ማሳው ከታረሰ በኋላ መደቡን በእጅ እየዛቁ የሚያወጡትን ሰዎች ያየ፣ ወገባቸው ከየት ይመጣል ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሰዓታት ሙሉ አጎንብሶ መዋል ወገብን ያሳምማል። በውሃ የተሞላ 20 ሊትር ጄሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ጎንበስ ብለው ከሰውነት አርቀው ሲያነሱት ዲስኩ ላይ የሚያርፈው ጫና ቀጥ ብሎ ከመቆም እጅግ ይበልጣል። ስዊድናዊው ሐኪም አልፍ ናኬምሰን በ1960ዎቹ በሕያዋን ሰዎች ዲስክ ውስጥ መርፌ አስገብቶ ይህን ለክቷል። የሆነ ሆኖ፣ በፊንላንድ መንትዮችን በማወዳደር የተደረገው ጥናት በዲስክ ማርጀት ላይ ከከባድ ሥራ ይልቅ የዘር ድርሻ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ማጨስም ያባብሰዋል። ብርድ ጡንቻን ቢያኮማትር እንጂ ዲስክ አያስረጅም።

ማርጀትና መታመም ደግሞ ለየብቻ ናቸው። በ2015 የወጣ የጥናቶች ዳሰሳ ምንም የወገብ ሕመም የሌላቸውን ሰዎች ምስል መርምሮ ነበር፤ ያረጀ ዲስክ የታየባቸው በ20 ዓመት ዕድሜ 37 በመቶ፣ በ50 ዓመት 80 በመቶ፣ በ80 ዓመት 96 በመቶ ነበሩ። እነዚህ ሁሉ ደህና ሰዎች ናቸው!

ሕመሙ የሚመጣው ነርቭ ሲነካ ነው። ጤነኛ ዲስክ ነርቭ ያለው በውጪኛው ጠርዙ ብቻ ነው። ሲሰነጠቅ ግን አካባቢውን የሚያስቆጡና የሚያሳምሙ ኬሚካሎች ይወጣሉ፣ ጥቃቅን ነርቮችም በስንጥቁ እየገቡ ወደ ውስጥ ይበቅላሉ። አንዳንዴ ዝልግልጉ ራሱ ሾልኮ ወጥቶ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ይጫናል፤ ከቂጥ እስከ ባት ወይም እስከ እግር ጣት የሚለበልበው ያን ጊዜ ነው። ደስ የሚለው፣ የሾለከው ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ በሰውነት መከላከያ ሕዋሳት እየተበላ ያንሳል። ስለዚህ አልጋ ላይ መክረም መድኃኒት ሆኖ አይታዘዝም። በሚችሉት መጠን መራመድ፣ ጡንቻን ማጠንከር፣ ሸክምን ከፋፍሎ መያዝና ወደ ሰውነት አስጠግቶ ማንሳት ይሻላል።

ሁሉም የወገብ ሕመም ግን የዲስክ አይደለም። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ከተጨመሩበት የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል መመርመር ያስፈልጋል። እግር እየሰነፈ ከሄደ፣ ሽንት እምቢ ካለ ወይም ካመለጠ፣ በጭን መሃልና በመቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ በሽተኛው በዚያው ዕለት ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ ለወጌሻ ማሳየትም ሆነ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም።