የትልቅ መኪና ጭስ በ95 ዶላር ይጠፋል? ስለ ካርቦን ማካካሻ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ባልንጀራዬ ሰበርባን የምትባለውን ትልቅ መኪናውን መታ መታ እያደረገ «ይቺን መኪና ከጭስ ነፃ አውጥቻታለሁ» አለኝ። መኪናዋ ያው ናት። ስምንት ሰው ትጭናለች፣ ቤንዚን እንደ ውሃ ትጠጣለች። እሱ ያደረገው ኢንተርኔት ገብቶ 95 ዶላር መክፈል ነው። በዚያ ብር መኪናዋ በዓመት የምታወጣውን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሌላ ቦታ ሌላ ሰው ይቀንስለታል ተብሏል። የካርቦን ማካካሻ የሚሉት ይሄ ነው። የምስክር ወረቀቱንም ስልኩ ላይ አሳየኝ። አረንጓዴ ቅጠል አለበት።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ2004 (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ዋርተን የንግድ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ፕሮፌሰርና ተማሪዎቹ ቴራፓስ የሚባል ድርጅት አቋቁመው ለመኪና ባለቤቶች ማካካሻ መሸጥ ጀምረው ነበር። ለገዢው መኪናው ላይ የሚለጥፈው ምልክት ይሰጡት ነበር።

ልስቅበት ፈልጌ ነበር። ግን ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። ቡና ይዘን የተከራከርንበትን ላካፍላችሁ።

«ሦስት ኪሎ የማይሞላ ቤንዚን እንዴት ዘጠኝ ኪሎ ጋዝ ያወጣል?»

እዚህ ላይ የማይጠራጠር የለም። አንድ ጋሎን ቤንዚን ሦስት ኪሎ አይሞላም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ግን ሲቃጠል 8.9 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል ይላል። ስህተት የለበትም። ቤንዚን አብዛኛው ካርቦን ነው፣ ሲቃጠል ደግሞ ከአየር ላይ ኦክስጅን ይወስዳል። 12 ኪሎ ካርቦን 32 ኪሎ ኦክስጅን ይይዝና 44 ኪሎ ይሆናል። ዱቄት ውሃ ሲገባበት ሊጡ ከዱቄቱ እንደሚከብደው ማለት ነው።

ስለዚህ ባልንጀራዬ 25 ጋሎን ሞልቶ ሲጨርስ፣ ከአንድ ኩንታል በታች የሚመዝነው ቤንዚን ሁለት ኩንታል ከ22 ኪሎ ጋዝ ሆኖ ወጥቷል። በጋሎን 16 ማይል እየሄደ በዓመት 12,000 ማይል ቢነዳ፣ 750 ጋሎን ያቃጥላል። ጋዙ 6.7 ቶን ገደማ ነው። 67 ኩንታል ጤፍ ግቢያችሁ ውስጥ ቢራገፍ ጎረቤት ሁሉ ያያል። ይሄኛውን ግን ማንም አያየውም።

«ከፈልኩ፣ መኪናዬ ንጹሕ ሆነች»

አልሆነችም። ከጭስ ማውጫዋ የሚወጣው ትናንት የሚወጣው ነው። ለሳንባ የማይስማማው ናይትሮጅን ኦክሳይድም ሆነ ብናኝ እዚያው ሰፈር ይቀራል። ማካካሻ ቢሠራ እንኳ የሚያስተካክለው የካርቦኑን ሒሳብ ብቻ ነው።

«ማካካሻ ማለት ዛፍ መትከል ነው»

ማስታወቂያው ላይ ችግኝ የያዘ እጅ ስለማይጠፋ ነው። የእኛው አገር ምሳሌ ግን ሌላ ነው። ወላይታ፣ ሁምቦ። ተራራው በከሰልና በማገዶ ቆረጣ ተራቁቶ ነበር። በ2006 ወርልድ ቪዥን ከአካባቢው ሰው ጋር ሥራ ጀመረ፤ 2,728 ሄክታር ከልቅ ግጦሽና ከቆረጣ ተከለለ። የሥራው ዋና ነገር ተከላ አልነበረም። ዛፉ ከተቆረጠ ቆይቷል፣ ከመሬት በታች ያለው ሥር ግን አልሞተም። ጉቶው ሲያቆጠቁጥ ጠንካራ ጠንካራዎቹ ቀንበጦች ይተዋሉ፣ ሌላው ይመለመላል። ገበሬዎቹ በሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጁ፤ የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድም 165,000 ቶን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቅነሳ ሊገዛ ተዋዋለ።

ተራራው በ30 ዓመት 880,000 ቶን ይይዛል ተብሎ ነበር የተገመተው። አካፍዬ አየሁት። በሄክታር በዓመት 11 ቶን ገደማ ይመጣል። እንግዲህ ያቺ ሰበርባን ብቻዋን ከግማሽ ሄክታር በላይ ተራራ ዓመት ሙሉ ትፈልጋለች። በአገር ቤት ልክ ሁለት ጥማድ ተኩል አካባቢ። ወላይታ ውስጥ ስንትና ስንት ቤተሰብ ከዚያ ባነሰ መሬት ላይ ነው የሚኖረው። ይሄን ስነግረው ባልንጀራዬ ዝም አለ።

«አንድ ቶን አንድ ቶን ነው፤ ማን ቀነሰው ምን አገባኝ»

ያገባል እንጂ። ጎረቤትህ ግቢው ውስጥ ያለውን ዋርካ ሊቆርጥ አስቦ አያውቅም እንበል። «አልቆርጠውም፣ ክፈለኝ» ቢልህ ትስቅበታለህ። ከካርቦን ገበያው ችግር ትልቁ ይሄ ነው። ያንተ ብር ባይመጣ ኖሮ የማይሆን ነገር መሆን አለበት፤ ያለዚያ የገዛኸው ወረቀት ነው።

በ2023 መጀመሪያ የእንግሊዙ ጋርዲያን፣ የጀርመኑ ዲ ሳይት እና ሶርስማቲሪያል አብረው አንድ ምርመራ አወጡ። ቢሮው እዚሁ ዋሽንግተን ያለው ማካካሻ አጽዳቂ ድርጅት ቬራ ካጸደቃቸው የዝናብ ደን ክሬዲቶች (ለገበያ የሚቀርቡ የአንድ አንድ ቶን ቅነሳ ወረቀቶች) ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት እውነተኛ ቅነሳ ሳይኖራቸው አይቀርም አሉ። ቬራ ስሌቱን አልተቀበለውም። ምርመራው ግማሽ እንኳ ልክ ቢሆን፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው።

«እንግዲያው ሁሉም ሌብነት ነው»

እንደሱም አይደለም። ከቆሻሻ መጣያ የሚወጣውን ሚቴን የሚባል ጋዝ ይዞ ማቃጠል የሚቆጠር ሥራ ነው። ሚቴን በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። ሕግ ሳያስገድደው፣ በክሬዲቱ ገቢ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ጥሩ ነው። ከተቃጠለ በኋላም ተመልሶ የሚያመልጥ ነገር የለም።

ደን ግን ሊያመልጥ ይችላል። በ2021 ኦሪገን ውስጥ የተነሳው ቡትሌግ የሚባለው ሰደድ እሳት ለካርቦን ማካካሻ የተመዘገበ ደን ጭምር በልቷል። ለእንዲህ ያለ ቀን ተብሎ የሚያዝ የክሬዲት መጠባበቂያ አለ። ብቻ ከጭስ ማውጫ የወጣው ካርቦን ከፊሉ አየር ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት ይቆያል፤ ዛፉ ያን ያህል መቆሙን ማን ይጠብቃል?

«95 ዶላር ከከፈልኩ ዕዳዬን ጨረስኩ»

95 ዶላር የገበያ ዋጋ ነው። በቶን 14 ዶላር ገደማ። ያ ቶን የሚያደርሰው ጉዳት ሌላ ሒሳብ አለው። የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው በ2023 ለአንድ ቶን 190 ዶላር ገደማ ገምቶ ነበር። በዚያ ሒሳብ የሰበርባኗ ዓመት ከ1,200 ዶላር ያልፋል። ካርቦኑን ከአየር ላይ መጥጦ ድንጋይ ውስጥ መቅበርም ይቻላል፤ በ2021 አይስላንድ ውስጥ የተከፈተው ኦርካ የሚባለው ፋብሪካ ይሄን ይሠራል። የታቀደለት አቅም ግን በዓመት 4,000 ቶን ነው። ስድስት መቶ ሰበርባን እንኳ አይችልም።

«ኤሌክትሪክ መኪና ካልገዛሁ ለውጥ የለም»

ይሄን ያነሳው እሱ ነው፣ ለማምለጥ። ከትልቅ መኪና ትንሽ ዝቅ ማለት ሰው ከሚያስበው በላይ ቁም ነገር አለው። በ12,000 ማይል፣ በጋሎን ከ15 ወደ 20 ማይል የተሻሻለ መኪና 200 ጋሎን ያተርፋል። ከ30 ወደ 50 የዘለለው 160 ብቻ።

«ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምሮ የሚሄደው የቶዮታ ሚኒቫን፣ ሲየና ሃይብሪድ፣ ስምንት ሰው ይጭናል» አልኩት። «በጋሎን 36 ማይል ገደማ ይሄዳል። በዓመት ከ400 ጋሎን በላይ፣ 3.7 ቶን ይቀንስልሃል። ምስክር ወረቀት አያስፈልገውም።»

«ሚኒቫን?» አለ፣ ቁልፉን እያሽከረከረ። «አንተ ደግሞ! ዳለስ ኤርፖርት የታክሲ ወረፋ ያዝ በለኛ።»