ወሎ ላይ ሰው ፖለቲከኛን በምን ይመዝናል? ምርጫ፣ ቅሬና የክፉ ቀን ነገር

ወሎ ሲባል ዛሬ በመንግሥት ወረቀት ላይ በዚህ ስም አንድ ሆኖ የሚተዳደር አካባቢ የለም፤ ድሮ ጠቅላይ ግዛት በኋላም ክፍለ ሀገር የነበረው ምድር አሁን በአብዛኛው አማራ ክልል ውስጥ ደቡብ ወሎ፣ ሰሜን ወሎ፣ ዋግ ኽምራና ከሚሴን ዋና ከተማው ያደረገው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሆኖ ተከፋፍሏል፣ አርጎባዎችም የራሳቸው ልዩ ወረዳ አላቸው፣ የክፍለ ሀገሩ ጫፎች ደሞ ወደ አፋርና ወደ ትግራይ ሄደዋል፣ የራያ ነገር እስካሁን ያልተፈታ ጥያቄ ነው። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ የሚገናኘው አማራ፣ ኦሮሞና አፋር ጨውና ግመል፣ እህልና ፍየል ሲገበያይ ውሎ ማታ ወደየቤቱ ሲገባ የሚተዳደረው በተለያየ ምክር ቤት ነው። ሰዉ ግን አሁንም ከየት ነህ ሲባል ወሎዬ ነኝ ነው የሚለው፣ ፖለቲከኛ የሚመዝንበት መንገድም ከደሴ እስከ ቆቦ ብትሄድ በጣም ይመሳሰላል።

መመዘኛው ባጭሩ የክፉ ቀን ነው። ሰዉ የፓርቲ ፕሮግራም አያነብም ማለቴ አይደለም፣ በተለይ ከተማ ላይ ያነባል ይከራከራል፣ ግን ውሳኔው የሚያርፈው እዛ ላይ አይደለም። ረሃብ ሲመጣ፣ ጦርነት ሲመጣ፣ ሰው ሲሞት የት ነበር የሚለው ነው ዋናው። ይሄ ደሞ ዝም ብሎ የመጣ ጠባይ አይደለም፣ ታሪክ አለው።

በ1965 እና 66 ዓ.ም. ወሎ ላይ ሰው በረሃብ ሲረግፍ መንግሥት ነገሩ እንዳይወራ አፍኖት ነበር። ያኔ የወሎ ገዥ ተብለው በማዕረግ የተቀመጡት አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ነበሩ፣ እሳቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ አካባቢው ላይ አልነበሩም፣ የሚያስተዳድረው እንደራሴ ነበር። ጃንሆይ ራሳቸው ወሎን የጎበኙት ኅዳር 1966 ላይ ነው፣ ያኔ ብዙ ሰው አልቋል። የተደበቀው ረሃብ ለየካቲቱ አብዮት አንዱ ዋና ምክንያት ሆነ። ከዛ አስር ዓመት አለፍ ብሎ በ1977 መግቢያ ላይ ደርግ የአብዮቱን አስረኛ ዓመትና የፓርቲውን የኢሠፓን ምሥረታ አዲስ አበባ ላይ በድምቀት ሲያከብር ያኔ በወሎ ስር የነበረችው ኮረም ላይ ሰው በየድንኳኑ እየሞተ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ሰፈራ ብዙ ወሎዬን ወደ ኢሉባቦር፣ ወለጋና ፓዌ ወሰደው፣ አንዳንዱ ወዶ ሄደ፣ አንዳንዱ ደሞ ሳይወድ ተጭኖ። እንግዲህ ይሄን ያየ ሽማግሌ ዛሬም አንድ ባለሥልጣን መድረክ ላይ ወጥቶ ምርቱ በዚህን ያህል ጨመረ ሲል መጀመሪያ የሚያየው የራሱን ጎተራ ነው። ወሎ ላይ ባለሥልጣን ስለ ድርቅ ከዋሸ በቃ፣ ሌላ ሌላውን ሁሉ ቢሠራ እንኳ ያቺ ነገር አትረሳለትም፣ እኔም ትክክል ነው እላለሁ ምክንያቱም እዚህ አገር ላይ የተደበቀ ረሃብ ያስከፈለው ዋጋ ይታወቃል።

የምርጫው ታሪክ ራሱ ቶሎ የሚታለፍ ነው። የመጀመሪያው የፓርላማ ምርጫ በ1949 ነበር፣ ፓርቲ የሚባል ነገር የለም፣ ለመወዳደር ደሞ ንብረት ያስፈልግ ስለነበር ባላባቱና ነጋዴው ነው የሚወዳደረው። ደርግ በ1979 የሸንጎ ምርጫ አደረገ፣ ዕጩዎቹ የሚቀርቡት በአንዱ ፓርቲ በኢሠፓ በኩል ነበር። ከ1987 ወዲህ በየአምስት ዓመቱ ምርጫ አለ፣ ግንቦት 7 1997 ላይ ግን እውነተኛ ፉክክር ታየ፣ የኢሕአዴግ ንብና የቅንጅት ሁለት ጣት ገበሬው ቤት ድረስ ገብተው ነበር። በኋላ የሆነው ሁሉ ከሆነ በኋላ በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን፣ በ2007 ደሞ ሁሉንም 547ቱን ወሰዱ። መቶ በመቶ ያሸነፈ መንግሥት ላይ ነው እንግዲህ ወዲያው ተቃውሞ የተነሳው፣ ወልድያ ላይም ጥር 12 ቀን 2010 በቃና ዘገሊላ ዕለት ሰው ተገደለ፣ ቁጣው ወደ ቆቦና መርሳም ሄደ። ምርጫ ካርዱ ያልነገረውን ነገር መንገዱ ተናገረው ማለት ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2013 የተደረገውን ስድስተኛውን ምርጫ ግን ትንሽ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። አሠራሩን ለማያውቅ፣ መራጩ 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ መሆን አለበት፣ አስቀድሞ ተመዝግቦ ካርድ ይወስዳል፣ የዛን ቀን ካርዱን አሳይቶ ጣቱ ላይ የማይለቅ ቀለም ይቀባና አንዱን ወረቀት ለተወካዮች ምክር ቤት ሌላውን ለክልል ምክር ቤት ይሰጡታል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ገብቶ የፈለገው ምልክት ላይ ምልክት ያደርጋል ወይ አሻራውን ያሳርፋል። ማንበብ የማይችል ሰው የሚያውቀው ምልክቱን ነው፣ ስለዚህ የብልጽግናው አምፖል ነው ወይስ ሌላው እያለ በልቡ ይዞ ነው የሚሄደው። ሰልፉ ረዝሞ ስለነበር ሰዓቱ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዘመ። ቆጠራው እዛው ጣቢያው ላይ ይሆንና ውጤቱ በር ላይ ይለጠፋል፣ ጠዋት ሰዉ እየመጣ ያያል፣ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል። አንድ ድምፅ እንኳ የበለጠ ያሸንፋል፣ የቀረው ድምፅ ሁሉ ወንበር አያመጣም። በዛ ምርጫ መጀመሪያ ውጤት ከተገለጸባቸው 436 ወንበሮች ብልጽግና 410 አገኘ፣ ከአማራ ክልል የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) አምስት ወንበር ያዘ።

ድምፅ ከተሰጠ ሁለት ወር ሳይሞላ ትግራይ ላይ የተጀመረው ጦርነት ወልድያና ላሊበላ ደረሰ፣ ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ተያዙ፣ መንግሥት መልሶ የያዛቸው ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። ሰው በእግሩ ልጁን አዝሎ ወደ ደብረ ብርሃን ሄደ፣ መሄድ ያልቻለው እዛው ቀረ። ወሎ ላይ ስለ አንድ ባለሥልጣን ከዛ ወዲህ የሚጠየቀው ጥያቄ ይሄ ሆነ፣ ከተማው ሲያዝ ማን ቀደመ ማን ቀረ፣ ሰው ውጣ ሳይባል ቤተሰቡን ያወጣው ማነው፣ ሆስፒታል ውስጥ ከታማሚ ጋር የቀረው ሐኪም ማነው፣ በተያዘው ከተማ ውስጥ ዱቄት ሰብስቦ ለጎረቤት ያካፈለው ማነው። ሰዉ መልሱን ያውቀዋል፣ በየሰፈሩ በስም ያውቀዋል። ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው፣ ያን የሚያህል ፍርድ ሕዝቡ ውስጥ ተጠራቅሞ የሚቀመጥበት ሳጥን የለውም፣ ምክንያቱም ምርጫው ከፈተናው በፊት አልቋል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ ሕዝቡ በመረጠው ሰው እምነት ካጣ ሊያነሳው ይችላል ይላል፣ አንቀጽ 54ም ይደግመዋል፣ ግን ይሄን እንዴት እንደሚያደርግ ቆቦ ያለ ገበሬን ወይ ሐይቅ ያለ ዓሣ አጥማጅን ብትጠይቀው ማንም አስተምሮት አያውቅም።

ሌላው ትልቅ ነገር ቀበሌ ነው። ለሰዉ ኑሮ ከፓርላማው በላይ የሚቀርበው ቀበሌ ነው፣ መታወቂያ የሚሰጠው፣ የመሬት ክርክር መጀመሪያ የሚደርሰው፣ ማዳበሪያ ማን እንዳገኘ የሚያውቀው፣ ደቡብና ሰሜን ወሎ ላይ ደሞ በጣም ብዙ ቤተሰብ የሚደገፍበት የሴፍቲኔት ዝርዝር ሲወጣ ማን ይግባ ማን ይውጣ የሚባለው እዛ ነው። ሴፍቲኔት ከ1997 ጀምሮ ያለ ነው፣ የጉልበት ሥራ ሠርቶ እህል ወይ ብር መቀበል ማለት ነው። የአካባቢ ምርጫ ደሞ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው ሚያዝያ 2005 ላይ ነው፣ ከዛ ወዲህ እየተራዘመ እየተራዘመ ቀረ። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል። ዝርዝሩን የያዘው ሰው የፓርቲ ሰው ሲሆንና በምርጫ የማይነሳ ሲሆን አንዲት አምስት ልጅ ያላት እናት ድምፅ ስትሰጥ ስለ ምን እንደምታስብ መገመት አይከብድም፣ ማንም ባያስፈራራት እንኳ ፍርሃቱ እዛው አለ። ሰው ማንን ትመርጣለህ ሲባል "አላህ ያውቃል" "እግዜር ያውቃል" ብሎ የሚያልፈው ለዚህ ነው፣ ሚስጥሩን ከልቡ ጋር ይዞ ነው የሚሰለፈው። ለጠያቂ መልስ የሚሰጠው ሌላ፣ ከመጋረጃው ጀርባ የሚያደርገው ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ከውጭ መጥቶ ሕዝቡ ይደግፈናል የሚል ካድሬ ብዙ ጊዜ የሰማው ትህትናን ነው።

ያው ሰው ግን ቅሬው ውስጥ ስታየው ሌላ ሰው ነው። ቅሬ ሌላ ቦታ ዕድር የሚባለው ነው፣ ወሎ ላይ በብዙ ቦታ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ላይ ነው የሚገባበት። ሰው ሲሞት ይለፈፋል፣ ሁሉም ሥራውን ጥሎ ይመጣል፣ መቃብር ይቆፍራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። ዳኛው የሚመረጠው ሁሉም እየተናገረ ነው፣ ገንዘብ የማይነካ፣ ለሃብታምም ለድሃም ቀብር እኩል የሚሮጥ፣ የቤት ገመና የማያወጣ ሰው ይፈለጋል። ሂሳቡ ጉባኤ ላይ ጮክ ብሎ ይነበባል፣ "ይቺ ሁለት መቶ ብር የት ሄደች" የሚል ሰው ተነስቶ ይጠይቃል፣ ማንም አይቆጣውም፣ መልስ ካልተሰጠ አይለቅም። ዳኛው ካጠፋ ይወርዳል፣ ከወረደ በኋላም በጎረቤትነቱ ቡና ይጠራል። ዲሞክራሲ ለወሎ ገበሬ እንግዳ ነገር ነው የሚል ሰው አንድ የቅሬ ስብሰባ ላይ ቁጭ ብሎ ቢያይ ነው የሚሻለው። የደም ነገር ሲመጣ ደሞ አባጋር አለ፣ ቃሉ፣ ወረባቦና ተሁለደሬ በሚባሉት ወረዳዎች አካባቢ ገዳይና ሟች ቤተሰብን የሚያስታርቀው እሱ ነው፣ ሃይማኖት አይለይም። አባጋር የሚከበረው ቃሉ ስለማይታጠፍ ነው፣ እና ፖለቲከኛም ወሎ ላይ የሚለካው በዚሁ ሚዛን ስለሆነ ቃል ገብቶ የቀረን ሰው ይቅርታ ከማድረግ ቃል ሳይገባ ትንሽ የሠራን ሰው ማመስገን ይቀላቸዋል።

ለቃል ነገር የባቡሩ ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር ሐዲድ ሥራው በ2007 ተጀመረ፣ ሐዲዱ ተዘርግቶ ይታያል፣ መደበኛ አገልግሎት ግን አልጀመረም፣ ጦርነቱም ጎዳው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ተመርቆ ሥራ ገብቶበት ስለነበር ወጣቱ ስለሱ ሲያወራ ቢያንስ ደሞዙ አነሰ ብሎ ነው የሚከራከረው፣ ስለ ባቡሩ ሲያወራ ግን ቃሉን ማን እንደገባ ነው የሚቆጥረው።

ሃይማኖትን በተመለከተ አንድ ቤት ውስጥ መሐመድና ገብሬ ወንድማማች የሆኑበት አገር ስለሆነ አንዱን ወገን ብቻ ይዞ የሚመጣ ዕጩ ቶሎ ይተፋል፣ ሁለቱም በዓል ላይ መገኘት አለበት። ግን ይሄም የታይታ ሲሆን ሰዉ ይለየዋል፣ ካሜራ ይዞ ለቅሶ የሚደርስ ሰውና ማታ ሰው ሲበተን ብቻውን መጥቶ "አብሽር" ብሎ የሚቀመጥ ሰው አንድ አይደሉም። ሴቶቹ ይሄን ከወንዱ በላይ ያውቃሉ። ወዳጃ በሚባለው የዱዓ ስብሰባ ላይና ዱበርቲዎች፣ ማለትም ለዱዓ የሚቀመጡት ሴቶች፣ ሲሰበሰቡ፣ ከአቦል እስከ በረካ ቡናው ሲጠጣ ስሙ የማይነሳ የወረዳ ሹም የለም፣ ዱዓው ላይም "ከክፉ ሹም ጠብቀን" ሲባል ሁሉም አሚን ይላል። ምክር ቤት ውስጥ ግን የእነሱን ያህል የሰፈሩን ችግር የሚያውቅ ሰው አታገኝም፣ ያሳዝነኛል።

ከሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ አማራ ክልል ውስጥ ባለው ግጭት ነገሩ ሁሉ ከብዷል። መንገድ ይዘጋል፣ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ነበር፣ ባለሥልጣኑ ከከተማ ወጥቶ ገጠር መግባት ይፈራል፣ ገበሬው ሁለት ታጣቂ መሃል ሆኖ ለማን አስተያየት ይሰጣል። እንዲህ ባለ ቦታ ምርጫ ቢደረግ ወረቀቱ የሚለው ነገር ሰዉ ውስጥ ካለው ፍርድ ጋር መገናኘቱን እጠራጠራለሁ።

በመጨረሻ የማይታዩት መራጮች አሉ። ከወሎ ብዙ ወጣት በተለይ ሴት ልጅ ወደ ሳውዲና ወደ ሌላው ዓረብ አገር ሄዷል። ሕጉ ውጭ ሆኖ ድምፅ መስጠትን አይፈቅድም፣ እነሱ ግን በኢሞ እየደወሉ ከእናታቸው ጋር ስለ ቀበሌው፣ ስለ ሹሙ፣ ስለ ምርጫው ያወራሉ፣ እናትየውም የልጇን ሃሳብ ይዛ ነው የምትሰለፈው። መንገድ ይሠራ ሲባል፣ ቧንቧ ይግባ ሲባል፣ መስጊድ ወይ ቤተክርስቲያን ይታደስ ሲባል ኮሚቴው መጀመሪያ የሚደውለው ለእነሱ ነው፣ እነሱም ብሩን ከመላካቸው በፊት ያለፈው ብር የት እንደገባ ደረሰኙን በፎቶ ላኩልን ይላሉ፣ ኮሚቴው ካልላከ ሁለተኛ አይልኩም።