የሪፈራል ዋጋ ምንድን ነው?

የሪፈራል ዋጋ ማለት አንድ ሰው ስለ ድርጅቱ ለሌላ ሰው በመናገሩ ወይም ሁለት ወገኖችን በማገናኘቱ የተገኘ፣ እርሱ ባይኖር ኖሮ ግን የማይገኝ የተጣራ ጥቅም ነው። ስለ ጉዳዩ የሚጽፉ ሰዎች የዚህን ትርጉም ሁለተኛ አጋማሽ ዘወትር ይዘሉታል። ሰሞኑን ያነበብሁት አንድ መካሪ፣ ደንበኛ የሚያመጡልንን ሰዎች በላኩት ሰው ብዛት ደርድሮ ከላይ ለሚገኙት ኮሚሽኑን እጥፍ ማድረግ የሪፈራልን ዋጋ መተመን እንደ ሆነ በሙሉ ልብ ጽፏል። ይህ ግን የሰው ቆጠራ እንጂ የዋጋ ስሌት አይደለም።

አንድ አዲስ ደንበኛ ከድርጅቱ ጋር በሚቆይበት ዘመን ሁሉ 900 የተጣራ ትርፍ ያስገኛል፤ መሰሉን በማስታወቂያ ለማምጣት 150 ይወጣል፤ ለላከው ሰው ደግሞ 50 ተከፈለ እንበል። ደንበኛው ያለዚህ ሰው ጥቆማ ፈጽሞ የማይመጣ ከነበረ የላኪው አስተዋጽኦ 850 ነው። ውሎ አድሮ በማስታወቂያ መምጣቱ የማይቀር ከነበረ ግን ላኪው ያዳነልን የማስታወቂያውን ወጪ ብቻ ስለሆነ፣ 50ው ሲቀነስ 100 ይቀራል። እንደ መካሪው ቃል ኮሚሽኑን እጥፍ ብናደርገው ይህ 100 ወደ 50 ይወርዳል፤ አንድ ጊዜ ደግመን እጥፍ ብናደርገው በእያንዳንዱ ሰው 50 እንከስራለን። በሰንጠረዡ አናት ላይ ተቀምጦ የሚመሰገነው ግን ያው ሰው ነው።

የግብይት (ማርኬቲንግ) ተመራማሪዎቹ ቪ. ኩማር፣ አንድሩ ፒተርሰንና ሮበርት ሊዮን እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት ስሌት ይህንኑ ልዩነት መሠረቱ አድርጎ፣ ያለ ጥቆማ የማይመጡትን ደንበኞችና በሌላ መንገድም ቢሆን የሚመጡትን ለያይቶ ይቆጥራል። እነርሱ የዳነውን የማስታወቂያ ወጪ በመጀመሪያዎቹም ላይ ይደምሩታል፤ እኔ፣ ፈጽሞ በማይመጣ ሰው ላይ ምን ወጪ ዳነ የሚለው ጥያቄ ስለሚያስቸግረኝ አልደምረውም። ከዚህ ይልቅ ሊታወስ የሚገባው፣ ራሳቸው ብዙ የሚገዙት ደንበኞች በሪፈራል ዋጋቸው ቀዳሚዎቹ ሆነው አለመገኘታቸው ነው።

ሰው የሚልክልን ግለሰብ ምን እንደሚሰጠን ለመረዳት ዋስን ማሰብ ይበቃል። ወዳጁን ወደ አንድ ባለሙያ የላከ ሰው ስሙን አስይዟል፤ ሥራው ቢበላሽ ወቀሳው ወደ እርሱ ይመለሳል። ዋስ የሚታመነውም ከብድሩ ድርሻ ስለሌለው ነው፤ ድርሻ እንዳለው የታወቀ ዕለት ቃሉ እንደ ደላላ ቃል ይመዘናል። በዚያ ላይ ዋስትና ያልቃል፤ ለሃያ ሰው የፈረመ ሰው ሃያ አንደኛው ፊርማው እምብዛም አያሳምንም፤ ላኪዎችን በሽልማት እየገፉ ብዙ ስም ማስቆጠርም ውሎ አድሮ የሚያስከትለው ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ ዋስ የገባበትን ዕዳ ልክ ያውቃል፣ ደንበኛ የላከልን ሰው ግን አገልግሎታችን ነገ ምን እንደሚመስል አያውቅም። በመሆኑም ከገንዘቡ በላይ የሚጠብቀው የላከው ሰው በደንብ መስተናገዱን ነው፤ ነገር ከተበላሸም ከወዳጁ ከመስማቱ በፊት ከድርጅቱ ሊሰማ ይፈልጋል። ብዙዎች ኮሚሽኑን በሰዓቱ እየከፈሉ ይህን ይነፍጉታል። (ለሐኪምና ለጠበቃ ግን «የላኩት ሰው መጥቷል» ማለት እንኳ ያለ ደንበኛው ፈቃድ አይቻልም።)

መካሪው ለሐሳቡ ድጋፍ የጠቀሰው በአንድ የጀርመን ባንክ ወደ 10,000 በሚጠጉ ደንበኞች ላይ የተካሄደውንና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመውን ጥናት ነው። በጥናቱ መሠረት በጥቆማ የመጡት ደንበኞች ከሌሎቹ ይልቅ ቢያንስ በ16 በመቶ የበለጠ ዋጋ አላቸው፤ የትርፋቸው ብልጫ ከጊዜ ጋር ቢደበዝዝም፣ ከባንኩ ጋር በመቆየት ያላቸው ብልጫ አልጠፋም። ግኝቱ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው ስለ ተላከው ደንበኛ ዋጋ ነው። የላኪውን ዋጋ ከዚያ ለማወቅ ደንበኛው ያለ እርሱ ይመጣ እንደ ነበር መመለስ ይቀራል።

ደንበኛ ሳይሆን ዕድል፣ ለምሳሌ አቅራቢ፣ ሠራተኛ ወይም የጨረታ ወሬ የሚያመጡልን ሰዎች ደግሞ ከነጭራሹ አይቆጠሩም። የማኅበረሰብ ተመራማሪው ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በሚያውቁት ሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል ያንን ሰው አዘውትረው ያገኙት የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ 27.8 በመቶዎቹ ከስንት አንዴ ብቻ የሚያገኙት ነበሩ። የቅርብ ሰው የሚያውቀውን እኛም ስለምናውቀው አዲሱ ነገር ከሩቁ መምጣቱ አያስገርምም። ይህ የሩቅ ሰው በመዝገባችን አይገኝም፤ «ስለ እኛ ከማን ሰሙ?» የሚለውን ሣጥን እንግዳ ተቀባዩ ወረፋው ሲረዝምበት የመጀመሪያውን አማራጭ ነክቶ ያልፈዋል፤ ስማችንን ከወዳጁ ሰምቶ በኢንተርኔት ፈልጎ የመጣውንም ሥርዓቱ የፍለጋው ውጤት አድርጎ ይመዘግበዋል።

ክፍያ ሲታሰብ አስቀድሞ ሕጉን ማየት ይገባል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣ ሕግ የቤት ግዢን ከማጠናቀቅ ጋር በተያያዙ አገልግሎቶች ደንበኛ ለላከ ሰው በምላሹ ክፍያ መስጠት የተከለከለ ሲሆን፣ በሕክምናና በጥብቅና ዘርፍም ተመሳሳይ ገደቦች አሉ። የሒሳብ ባለሙያ ደግሞ ከደንበኞች ጋር ከሚደረግ ውል የሚገኝ ገቢ እንዴት እንደሚመዘገብ የሚደነግገውን ዓለም አቀፍ የሒሳብ መስፈርት፣ አይ.ኤፍ.አር.ኤስ. 15ን ያስታውሳል። ውሉ ባይገኝ ኖሮ የማይከፈል ኮሚሽን፣ ወጪው ይመለሳል ተብሎ ከታሰበ፣ እንደ ሀብት ተመዝግቦ በየጊዜው ይቀነሳል፤ የሚቀነስበት ዘመን ከአንድ ዓመት ካልበለጠ ግን ወዲያው እንደ ወጪ መያዝ ይቻላል። በዚህ መንገድ በሀብት ዝርዝር ላይ የሚታየው ቁጥር የተከፈለው ኮሚሽን ነው፤ ምንም ሳይከፈለው ሰው የላከ ግለሰብ በዚያ ዝርዝር ውስጥ በዜሮም ቢሆን አይገኝም።