ከድራፍት እስከ ሜጀር ሊግ፦ ስለ ቤዝቦል ፒቸሮች የሚነገረውና እውነታው

አብዛኞቻችን እግር ኳስ እያየን ስላደግን ቤዝቦልንም የምንመዝነው በእሱ ነው። የጨዋታው ሕግ ሁለት ሦስት ጊዜ ከታየ በኋላ ይገባል። ሳይገባን የሚከርመው ተጫዋቹ እዚያ የደረሰበት መንገድ ነው፤ በተለይ የፒቸሩ፣ ማለትም ኳሷን ለመቺው የሚወረውረው ሰው መንገድ። አሜሪካ ውስጥ ልጁን ቤዝቦል ካስጀመረ ዘመድ ጋር ቡና ላይ ከተቀመጣችሁ ከታች በጥቅስ ካስቀመጥኳቸው አባባሎች ግማሾቹን መስማታችሁ አይቀርም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ድራፍት ላይ ከተመረጠ ገባ ማለት ነው»

አልገባም። ድራፍት ክለቦች ከሁለተኛ ደረጃና ከኮሌጅ ተማሪዎች መካከል በየተራ የሚመርጡበት ነው። ከ2021 ጀምሮ 20 ዙር አለው፤ ክለቦቹ 30 ናቸው፤ ስለዚህ በየዓመቱ 600 ገደማ ልጆች ስማቸው ይጠራል። በሜጀር ሊግ፣ ማለትም በሰሜን አሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ ላይ ግን አንድ ክለብ ለአብዛኛው የውድድር ዘመን የሚይዘው 26 ተጫዋች ብቻ ነው፤ ከእነሱም ፒቸሮቹ ከ13 አይበልጡም። እነዚያ ቦታዎች ደግሞ ባለቤት አላቸው።

ብራየን ቴይለርን በ1991 ኒውዮርክ ያንኪስ ከሁሉም ቀድሞ፣ አንደኛ አድርጎ መረጠው፤ በ1.55 ሚሊዮን ዶላርም ፈረመ። በ1993 መጨረሻ ጠብ ውስጥ ገብቶ ትከሻው ተጎዳ፤ ሜጀር ሊግ ላይ አንድም ኳስ ሳይወረውር ቀረ። ማርክ በርሊ በአንጻሩ በ1998 የተመረጠው በ38ኛው ዙር ነው፤ ዛሬ ቢሆን የሌለ ዙር። እሱ 214 ድል በስሙ ተመዘገበለት፤ በ2009 ደግሞ ከ27ቱ መቺዎች አንዱንም ቤዝ፣ ማለትም መቺው ሮጦ የሚደርስበትን ማረፊያ፣ ሳያስረግጥ አንድ ሙሉ ጨዋታ ጨረሰ።

«ጎበዝ ፒቸር ከልጅነቱ ያስታውቃል፤ ወዲያውም ያድጋል»

ወዲያው የሚያድግ አለ። ክሪስ ሴል በጁን 2010 ድራፍት 13ኛ ሆኖ ተመረጠና ኦገስት ላይ ለቺካጎ ዋይት ሶክስ መወርወር ጀመረ። በዚያው ድራፍት በ9ኛው ዙር፣ 272ኛ ሆኖ ኒውዮርክ ሜትስ የመረጠው ጄኮብ ዲግሮም ግን ወደ አራት ዓመት ገደማ ፈጀበት።

ዲግሮም ፍሎሪዳ በሚገኘው ስቴትሰን ዩኒቨርሲቲ ሾርትስቶፕ ነበር፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆም ተከላካይ። ክንዱ ጠንካራ መሆኑን ያዩ አሰልጣኞቹ በሦስተኛ ዓመቱ «ወርውር» አሉት። ከሜትስ ጋር በ95,000 ዶላር ፈረመ፤ ዓመቱ ሳያልቅ የክርኑ ጅማት ተበጥሶ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። 2011ን ሙሉውን አልተጫወተም። የሚገርመው፣ ከዚያ ባዶ ዓመት ያተረፈው ነገር አለ። በሜትስ ማሰልጠኛ፣ በፖርት ሴንት ሉሲ፣ ትከሻውን ታክሞ የሚያገግም ጆሃን ሳንታና የሚባል አንጋፋ ፒቸር ነበርና ቼንጅአፕን አያያዙን አሳየው። ቼንጅአፕ እጁ በሙሉ ፍጥነት እየተወነጨፈ ኳሷ ግን ዘግይታ የምትደርስበት አወራወር ነው፤ መቺው ቀድሞ ይወዛወዛል።

ከዚያ በሜትስ የታችኛው ሊግ (ማይነር ሊግ) ቡድኖች ተጫወተ፦ 2012 ሳቫና፣ 2013 ቢንግሃምተንና ላስ ቬጋስ። ሜይ 2014 ወደ ኒውዮርክ ሲጠራ እንኳ የታሰበው ጨዋታው መሀል ላይ ተቀይሮ እንዲገባ ነበር። ጨዋታ ከሚጀምሩት ፒቸሮች አንዱ ስለተጎዳ ሜይ 15 ቀን ከያንኪስ ጋር የነበረውን ጨዋታ እሱ እንዲጀምር ተደረገ። ጨዋታው ከሚከፈልባቸው 9 ዙሮች (ኢኒንግ) በ7ቱ ወርውሮ አንድ ነጥብ ብቻ ሰጠ፤ ቡድኑ ግን 1 ለ 0 ተሸነፈ። ያን ዓመት የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ፤ በ2018 እና በ2019 ደግሞ ለምርጥ ፒቸር የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማት ወሰደ።

ከሌላ ቦታ ወደ ፒቸርነት የመጣው እሱ ብቻ አይደለም። ፓናማዊው ማሪያኖ ሪቬራም ሾርትስቶፕ ነበር፤ ኬንሊ ጃንሰን እስከ 2009 ድረስ ኳስ ተቀባይ ነበር።

«ማይነር ሊግ ማለት ሁለተኛ ዲቪዚዮን ነው»

የእግር ኳስ ዓይናችን በጣም የሚያሳስተን እዚህ ጋ ነው። የማይነር ሊግ ቡድን ሻምፒዮን ቢሆን አያድግም፣ መጨረሻ ቢወጣም አይወርድም። እያንዳንዱ የሜጀር ሊግ ክለብ ከሥሩ አራት ቡድኖች አሉት፦ ሲንግል ኤ፣ ሃይ ኤ፣ ደብል ኤ፣ ትሪፕል ኤ። በድምሩ 120 ይሆናሉ። የሚያድገው ተጫዋቹ ነው፤ ውሉም ከዋናው ክለብ ጋር ነው። በዚህ ምክንያት እዚያ ያለ ፒቸር ማሸነፉ ብዙ ዋጋ የለውም። ጥሩ እየወረወረ ሳለ የተፈቀደለት የኳስ ቁጥር ስለሞላ ብቻ ሊወጣ ይችላል። ደካማ የሆነበትን ኳስ ደጋግሞ እንዲወረውር ታዝዞ ሲመታበት ሊውል ይችላል፤ ተመልካቹም ምን እየሆነ እንዳለ ላይገባው ይችላል።

ክለብ መምረጥም የለም። የመረጠህ ክለብ ባለቤትህ ነው፤ ሲፈልግ በሌላ ተጫዋች ይለውጥሃል። እንደ አውሮፓ የዝውውር ገበያ ልጁ «ወደዚያ መሄድ እፈልጋለሁ» ብሎ የሚያኮርፍበት ዕድል እምብዛም ነው።

«ከፈረመ ሀብታም ሆነ»

በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ለተመረጡት እውነት ነው። ለቀሩት፣ የፊርማው ገንዘብ ካለቀ በኋላ የሚተርፈው ደመወዝ ነው። በ2023 የማይነር ሊግ ተጫዋቾች የመጀመሪያውን የኅብረት ስምምነት ሲያገኙ ዝቅተኛው ክፍያ በሲንግል ኤ በዓመት 26,200፣ በትሪፕል ኤ 35,800 ዶላር ሆነ፤ ይህም ከቀድሞው ብዙ የተሻለ ነው። ከዚያ በፊት የሚከፈላቸው ውድድር ባለበት ወራት ብቻ ስለነበር ውድድር በሌለባቸው ወራት ሌላ ሥራ መሥራት የተለመደ ነበር። በ2025 የሜጀር ሊግ ዝቅተኛ ደመወዝ 760,000 ዶላር ነበር። በትሪፕል ኤና በሜጀር ሊግ መካከል ያለውን ገደል ያየ ሰው አንድ የ27 ዓመት ወጣት ስልኩ እስኪጠራ ለምን እንደሚጠብቅ ይገባዋል።

«ዋናው ፍጥነት ነው»

ይሄኛው ግማሽ እውነት አለው። ፒቸሩ ከሚቆምበት ጉብታ መቺው አጠገቡ እስከሚቆምበት ሆም ፕሌት 18.44 ሜትር ነው፤ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የተወረወረች ኳስ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ትደርሳለች፤ መልማዮችም መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። ግን ግሬግ ማዱክስ 355 ጨዋታ ያሸነፈው ኳሷን የፈለገበት ቦታ እያስቀመጠ ነው። ጄሚ ሞየር በ2012፣ በ49 ዓመቱ፣ በዘገምተኛ ኳስ ጨዋታ አሸንፏል። በግሌ ግን ዛሬ እንደ ሞየር በዝግታ የሚወረውር የ18 ዓመት ልጅ የሚመርጥ ክለብ የሚገኝ አይመስለኝም።

«ቶሚ ጆን የተባለው ቀዶ ጥገና ክንድን ያጠነክራል»

የቀድሞዎቹ ስህተት «ክርኑ ተቀደደ፣ አለቀለት» የሚል ነበር፤ የዛሬው ተገልብጦ መጥቷል። ልጃቸው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ፍጥነት እንዲጨምር ይቀደድ የሚሉ ወላጆች አሉ! ቀዶ ጥገናውን በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ቶሚ ጆን ለተባለ ፒቸር ነው፤ ከሌላ የሰውነት ክፍል ጅማት ወስዶ፣ የክርኑን አጥንት በስቶ፣ በቀዳዳዎቹ አሳልፎ አሰረው። ጆን በ1976 ተመልሶ ከ288ቱ ድሎቹ 164ቱን ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ግን ከሕክምናው ለመመለስ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ የማይመለስም አለ። ከበፊቱ በበለጠ ፍጥነት እየወረወረ የተመለሰ ካለም የጠቀመው ወራት የፈጀው የማገገሚያ ልምምድ ነው። ዲግሮም ራሱ በ2023 ለሁለተኛ ጊዜ ተቀድዷል።

ለወላጅ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ የሜጀር ሊግና የዩኤስኤ ቤዝቦል መመሪያ ለ9 እና ለ10 ዓመት ልጅ በቀን ከ75፣ ለ11 እና ለ12 ዓመት ከ85 ኳስ በላይ እንዳይወረውር ይላል፤ የዕረፍት ቀናትንም ያስቀምጣል። አሰልጣኙ ካልቆጠረ እናንተ ቁጠሩ።

«አፍሪካዊ አይደርስም፤ የደረሰም አይወርድም»

ሁለቱንም በአንድ ሰው ማየት ይቻላል። በአፍሪካ ተወልዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜጀር ሊግ የተጫወተው ደቡብ አፍሪካዊው ጊፍት ንጎኤፔ ነው፣ በ2017፤ እሱ ግን ፒቸር አልነበረም። የመጀመሪያው ደቡብ አፍሪካዊ ፒቸር የጆሃንስበርግ ልጅ ቴይለር ስኮት ነው። በ2011 ቺካጎ ከብስ በ5ኛው ዙር መረጠው፤ ሜጀር ሊግን ያየው ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ በሲያትል ማሪነርስ ነው። መሀል ላይ ከየትኛውም ክለብ ጋር ግንኙነት በሌለው ኢንዲፔንደንት ሊግ ሳይቀር ወርውሯል።

ከደረሰም በኋላ አልተረጋጋም። ክለብ አንድን ተጫዋች በሦስት የውድድር ዘመን፣ በአንዱ ዘመን ውስጥ እስከ አምስት ጊዜ ድረስ፣ ሳያስፈቅደው ወደ ማይነር ሊግ ሊመልሰው ይችላል። ስኮት ጃፓን ሄዶ ለሂሮሺማ ወረወረ፤ ተመልሶ በ2023 ብቻ ለሦስት የሜጀር ሊግ ክለቦች ተጫወተ። በ2024፣ በ32 ዓመቱ፣ ሂውስተን አስትሮስ ከ60 በላይ ጨዋታ አሰለፈው።