ማራኬሽ ከጓደኞች ጋር፦ የሚወራው እና እውነታው

አንዱ ዋሽንግተን፣ አንዷ ፍራንክፈርት፣ ሌላው ዱባይ የተበተኑ ጓደኛሞች «የት እንገናኝ?» ሲባባሉ የሞሮኮዋ ከተማ የማራኬሽ ስም አይጠፋም። ከአውሮፓ ርካሽ በረራ አላት፣ ፎቶዋ ያማልላል። ችግሩ ሁሉም በልቡ የየራሱን ማራኬሽ ይዞ መምጣቱ ነው። ኩርፊያውም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ስለዚህ ትኬት ከመቆረጡ በፊት አንዳንድ ነገር ይጥራ።

«ማታ ማታ አሸዋ ላይ ግመል እንጋልባለን»

አትጋልቡም። ማራኬሽ አሸዋ መሃል አይደለችም። ያለችው በአትላስ ተራሮች ግርጌ፣ ሃውዝ በሚባል ሜዳ ላይ ነው። በብርዱ ወራት ሰማዩ ሲጠራ ከሰገነት ላይ ሆናችሁ የምታዩት በረዶ የለበሰ ተራራ ነው። የሰሜን አፍሪካ ትልቁ ተራራ ቱብካል፣ 4,167 ሜትር፣ ከዚያው ሰንሰለት ውስጥ ነው።

ፎቶ ላይ የምናያቸው ትላልቅ የአሸዋ ኮረብታዎች መርዙጋ የሚባል ቦታ ናቸው፤ ወደ አልጄሪያ ድንበር የተጠጋ። ከማራኬሽ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። መንገዱ አትላስን የሚያቋርጠው ከ2,200 ሜትር ከፍታ በላይ ባለ ጠመዝማዛ መተላለፊያ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ናችሁ። ለመሄጃ አንድ ቀን፣ ለመመለሻ አንድ ቀን። ከተማዋ አጠገብ ያለው «በረሃ» አጋፋይ ይባላል፤ ድንጋያማ እንጂ አሸዋማ አይደለም። ፀሐይ ስትጠልቅ እራት መብላት ደስ ይላል፣ ግን አሸዋ ጠብቆ የመጣ ጓደኛ ፊቱ ይጠቁራል። ያላችሁ አራት ቀን ብቻ ከሆነ እኔ መርዙጋን ተዉት ባይ ነኝ።

በዚሁ ላይ «ሁሌም ሙቀት ነው» የሚል አለ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እውነቱን ነው፣ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ጥር ላይ ግን ሌሊቱ ያንዘፈዝፋል፣ አሮጌዎቹ ቤቶች ደግሞ ለሙቀት እንጂ ለብርድ አልተሠሩም። ጋቢ ይዞ የሄደ ሰው አይቆጨውም።

«ሪያድ የሀብታም ነው»

ሪያድ ማለት አሮጌው ከተማ፣ መዲናው ውስጥ ያለ፣ ክፍሎቹ በመሃል ግቢ ዙሪያ የተደረደሩ ቤት ነው። በጣም ውድ የሆኑ አሉ። ግን ለስድስትና ለሰባት ሰው ትንሽ ሪያድ ሙሉውን መከራየት ብዙ ጊዜ ለየብቻ ሆቴል ከመያዝ ይረክሳል። ቁርስም ጨዋታም አንድ ግቢ ውስጥ ይሆናል። ጉዳቱ፣ ግቢው ድምፅ ያስተጋባል። በጊዜ የሚተኛ ጓደኛ ካለ የላይኛውን ክፍል ስጡት።

መኪና ጠባቦቹ መንገዶች ውስጥ አይገባም። ሻንጣ በእጅ ጋሪ ነው የሚሄደው። «መንገዱ ተዘግቷል፣ ተከተሉኝ» የሚል ወጣት ቢመጣ መንገዱ አልተዘጋም፤ መጨረሻ ላይ ገንዘብ ይጠይቃል። ከቤቱ ሰው መጥቶ እንዲቀበላችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

«ታክሲ ተጨናንቀን እንገባለን»

ትንሹ ታክሲ ከሦስት ሰው በላይ አይጭንም። ሕግ ነው፣ ሾፌሩን ብትለምኑትም እሺ አይልም። አራት ከሆናችሁ ወይ ሁለት ትንሽ ታክሲ፣ ወይ ትልቁን ታክሲ በስምምነት ዋጋ። የትንሹ ታክሲ ሾፌር ቆጣሪ እንዲያበራ ከመነሳታችሁ በፊት ንገሩት። ማታ ታሪፉ ይጨምራል፣ አልተታለላችሁም።

«የጠራውን ዋጋ በግማሽ ቁረጥ»

እንዲህ ያለ ቀመር የለም። አንዱ ነጋዴ አራት እጥፍ ይጠራል፣ ሌላው ጥቂት ብቻ ይጨምራል። በግማሽ ቆርጦ «አሸነፍኩ» የሚለው ሰው አሁንም እጥፍ ከፍሎ ሊሆን ይችላል። ይልቅ መሐመድ አምስተኛ ጎዳና ላይ ወዳለው የመንግሥት የእደ ጥበብ ማዕከል መጀመሪያ ጎራ በሉ። እዚያ ዋጋው የተለጠፈ ነው። የቆዳው፣ የምንጣፉ፣ የፋኖሱ ዋጋ ገባችሁ ማለት ነው፣ ከዚያ ሱቅ ለሱቅ ተከራከሩ። አንድ ማሳሰቢያ፦ አንዷ እየተከራከረች ሳለ ሌላዋ በአማርኛ «ኧረ በነጻ ነው!» እንዳትል። ነጋዴው አማርኛ ባይሰማም ፊት ያነባል።

«ምግቡ ያቃጥላል፣ ያለውም ታጂን (በሸክላ ድስት የሚሠራ ወጥ) ብቻ ነው»

ቅመሙ ብዙ ነው፣ ቃሪያና በርበሬው ግን ጥቂት። ሚጥሚጣ የለመደ ሰው ኩሙን፣ ዝንጅብልና ሳፍሮን ነው የሚያገኘው።

የማራኬሽ የራሷ ምግብ ታጂን ሳይሆን ታንጂያ ነው። ለጓደኛሞች የሚስማማም እሱ ነው። የበግ ወይም የበሬ ሥጋ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በጨው የቆየ ሎሚ፣ ኩሙን፣ ሳፍሮንና የቆየ ቅቤ አንገቱ ጠባብ በሆነ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ይከተታል፣ አፉ በወረቀት ይታሰራል። ከዚያ ወደ ሰፈሩ የሕዝብ መታጠቢያ ይወሰዳል። ውኃውን የሚያሞቀው ሰውዬ ማሰሮውን ትኩስ አመድ ውስጥ ይቀብረዋል። ለሰዓታት እዚያ ይቆያል። በባህሉ የወንዶች ምግብ ነው፤ የእጅ ባለሙያዎች በዕረፍት ቀናቸው ተሰባስበው አትክልት ቦታ ሄደው የሚበሉት። ሪያዱ ካዘዘላችሁ ማሰሮው መሃል ሲገለበጥ ማየት ብቻውን ለጉዞው ይበቃል።

የሚጾም ጓደኛ ካላችሁም አይራብም። ቢሳራ የሚባል የባቄላ ሾርባ አለ፣ ዛሉክ የሚባል የደበርጃን ምግብ አለ፣ የወይራ ፍሬና ዳቦ በየቦታው ነው። አትክልት ብቻ የሚመስለው ኩስኩስ ግን ብዙ ጊዜ በሥጋ መረቅ ነው የሚሠራው፣ ጠይቁ። አርብ ቀን ደግሞ የኩስኩስ ቀን ነው!

«ጀማ ኤል ፍና አደባባይ ለቱሪስት የተዘጋጀ ትርኢት ነው»

ጭማቂ ሻጩና እባብ አጫዋቹ ቱሪስት ላይ ዓይናቸውን መጣላቸው አይካድም። ፎቶ ካነሳችሁ ትከፍላላችሁ። ግን ሲመሽ ዙሪያውን ተመልከቱ፦ ሙዚቀኛውንና ቀልደኛውን ከቦ የሚስቀው አብዛኛው የአገሩ ሰው ነው፣ ቀልዱም በዳሪጃ፣ በሞሮኮ አረብኛ ነው። ዩኔስኮ የአደባባዩን የቃል ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2001 የሰው ልጅ ቅርስ ብሎ ሲያውጅ ድንኳኑን አይቶ አይደለም፤ ተረት ነጋሪዎቹንና ሙዚቀኞቹን አይቶ ነው። ምንም ባይገባችሁም አንድ ክብ ውስጥ ቁሙ።

«መስጊዶቹን ገብተን እናያለን»

ሙስሊም ያልሆነ ሰው አይገባም። የኩቱቢያን መስጊድ፣ 77 ሜትር ገደማ የሚሆነውን ሚናሬቷን (የአዛን ማማዋን)፣ ከውጭ ነው የምታዩት። ሙስሊም ጓደኞቻችሁ ሰግደው እስኪመጡ ሌሎቻችሁ አጠገቡ ባለው የአትክልት ቦታ ተቀመጡ። የቤን ዩሱፍ መድረሳ (የድሮ የእስልምና ትምህርት ቤት) ግን ለሁሉም ክፍት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ታድሶ ተከፍቷል። መጠጥስ? ፈቃድ ባላቸው ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች አለ፣ መክነስ በሚባለው ከተማ አካባቢ ወይን ጠጅም ይጠመቃል። መንገድ ላይ ግን ይቅር።

«ከተማዋ በመሬት መንቀጥቀጡ ፈርሳለች»

መስከረም 2023 (እንደ አውሮፓውያን) የደረሰው፣ መጠኑ 6.8 የነበረው መንቀጥቀጥ 3,000 ገደማ ሰው ገድሏል። ክፉኛ የተጎዱት ግን የአትላስ መንደሮች ናቸው። ከተማዋ ውስጥ አሮጌ ቤቶችና የቅጥር ግንቡ ክፍሎች ተጎዱ እንጂ ከተማዋ ቆማለች። በወሩ የዓለም ባንክና የአይ ኤም ኤፍ ዓመታዊ ስብሰባ እዚያው ተካሂዷል።

«አፍሪካ ውስጥ አይደለች? ቪዛ ምን ያደርጋል?»

ሞሮኮ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ አፍሪካ ኅብረት ተመልሳለች፣ ውሳኔውም አዲስ አበባ ላይ ነው የተላለፈው። ይህ ግን ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አላስቀረም። የአሜሪካ ወይም የጀርመን ፓስፖርት ያለው ለ90 ቀን ያለ ቪዛ ሲገባ፣ አብሮት ያደገው ጓደኛው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ማመልከት አለበት። የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ መኖሪያ ፈቃድ ላላቸው በኢንተርኔት የሚሰጥ ቪዛ አለ፣ መስፈርቱን አንብቡ። ስለዚህ ግሩፑ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው «መቼ እንሂድ?» ሳይሆን «ማን የየትኛውን አገር ፓስፖርት ይዟል?» ይሁን።