ሥነ ምህዳራዊ ፍሰት ምንድን ነው?

ግድብ ሲታቀድ ውሃው ለተርባይኑ፣ ለመስኖው፣ ለከተማው ይደለደላል። ከግድቡ በታች ያለው ወንዝ ግን ድርሻዬ የት አለ ብሎ አይጠይቅም። ዓሣው፣ ረግረጉ፣ የዱር እንስሳቱና ኑሮውን በወንዙ ላይ የመሠረተው ሰው እንዲኖሩ ለወንዙ የሚተወው ድርሻ ሥነ ምህዳራዊ ፍሰት ይባላል።

ብዙ ጊዜ ይህ “ወንዙ እንዳይደርቅ ትንሽ ይለቀቅ” ከማለት አያልፍም። አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2007 በአውስትራሊያዋ ብሪስቤን ከተማ የወጣው ዓለም አቀፍ መግለጫ ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ያነሳል፦ መጠን፣ ጊዜና ጥራት። እኔ ከሦስቱ በጣም የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። ወንዝ ይሞላል፣ ይጎድላል። ብዙ ዓሦች ሙላቱን እንደ ጥሪ ተከትለው ወደ መራቢያቸው ይጓዛሉ፤ ጎርፉ ሜዳው ላይ ሲተኛ ጫጩቶቻቸው ሣሩ ውስጥ ተሸሽገው ያድጋሉ። ኃይል ማመንጫው የመብራት ፍላጎት ሲጨምር ውሃ ለቆ ሲቀንስ ቢዘጋ፣ ዳር ላይ የተጣለው እንቁላል በሰዓታት ውስጥ ደረቅ መሬት ላይ ይቀራል። በቀኑ የወረደው ውሃ ሲደመር ግን ምንም አልጎደለም።

በዛምቢያ የካፉዌ ወንዝ ጎርፍ የሚተኛበት የካፉዌ ሜዳ በሁለት ግድቦች መካከል ተዘርግቷል። በሌላ ስፍራ የማይገኘው የካፉዌ ሌችዌ፣ የአጋዘን መሳይ እንስሳ፣ የሚግጠው ጎርፉ ሲሸሽ የሚበቅለውን ሣር ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከሜዳው በላይ ያለው የኢቴዢ ቴዢ ግድብ ሲሠራ በመጋቢት ለ4 ሳምንታት በሰከንድ 300 ሜትር ኩብ የሚለቀቅበት ተጨማሪ ውሃ እንዲይዝ ተደረገ። ለዘመኑ አስተዋይ ሐሳብ ነበር። ነገር ግን የተፈጥሮ ጎርፍ የዓመቱን ዝናብ ይከተላል እንጂ በቀጠሮ አይመጣም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የውሃ አለቃቀቁ ከተፈጥሮው አካሄድ ጋር እንዲቀራረብ ደንቡ መቀየር ነበረበት።

በአሜሪካ የኮሎራዶ ወንዝ ላይም ትምህርቱ ይኸው ሆነ። የግሌን ካንየን ግድብ አሸዋውን ከበላዩ ስለያዘው ከበታቹ ያሉ የአሸዋ ዳርቻዎች ተሸረሸሩ። እ.ኤ.አ. በ1996 ለ7 ቀናት ሰው ሠራሽ ጎርፍ ሲለቀቅ ዳርቻዎቹ እንደገና ቢገነቡም ብዙም ሳይቆዩ ታጠቡ። በኋላ የተለቀቁት ጎርፎች ገባር ወንዞች አዲስ አሸዋ ካመጡ በኋላ እንዲሆኑ ተደረገ። ቅዝቃዜው ሌላ ጣጣ ነው፦ ግድቡ ከፈጠረው ሐይቅ ጥልቀት የሚወጣው ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሞቅ ያለ ውሃ የለመዱ ዓሦች እንደልባቸው አይራቡም።

ለዚህ ነው የዓሣና የዱር እንስሳት ባለሙያ ንድፉ ላይ መቀመጥ ያለበት። ከተለያየ ጥልቀት ውሃ የሚቀዳ መውጫና ጎርፍ የሚያሳልፍ ሰፊ በር በወረቀት ላይ እያሉ ይጨመራሉ። ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ ግን፣ በሩ ጠባብ ከሆነ፣ ኃላፊው ቢፈልግም የሚለቀው ጎርፍ የለውም።